ፏፏቴው የዋጠው ቃል

ጎረቤቴ ማለም ብርቱካን ስትሸጥ ድምፅዋ ከገበያው ማዶ አውቶቡስ ተራ ድረስ ይሰማል። ብራስታጊ ገበያ ውስጥ ከጎኗ ቃሪያና ሽንኩርት እየሸጥኩ ሃያ አንድ ዓመት ተቀምጫለሁና ይህን ከእኔ በላይ የሚመሰክር የለም። ሰው ሁሉ በልጇ ስም ናንዴ ሪፕካ፣ የሪፕካ እናት ብሎ ይጠራታል። ነገረኞቹ ግን "የፏፏቴዋ" ይሏታል። የተወለደችው ኩታ ላው በምትባል የጫካ መንደር ነው፤ ከቤቶቹ ጓሮ ትልቅ ፏፏቴ ይወርድ ነበር። እዚያ ያደገ ሰው ሹክሹክታ አያውቅም። እናት ልጇን ለምሳ ስትጠራ፣ ጎረቤት እሳት ሲለምን፣ ሽማግሌ ሲመርቅ፣ ሁሉም ይጮኻል። ወደ ከተማ ሲወርዱም ጩኸቱን ይዘውት ወረዱ።

"ናንዴ፣ ደንበኛው እኮ እዚሁ ፊትሽ ነው የቆመው" እላታለሁ።

"ታዲያ ሰማኝ አይደል?" ትለኛለች።

ከሦስት ዓመት በፊት ነገሩ ተገለበጠ። ድምፅዋ እንዳለ ሆኖ ጆሮዋ መድከም ጀመረ። መጀመሪያ የተቀየመችኝ መስሎኝ ነበር። ደህና አደርሽ ስላት ዝም። ደንበኛ ሁለት ኪሎ ሲል አምስት ትመዝናለች። ኋላ ነው የገባን። ቀኙ ጨርሶ ተዘጋ፤ ግራውም በዓመት በሁለት ዓመት ውስጥ እንደሚከተለው ሐኪም ነገራት። ማዳመጫ መሣሪያ ተገዛላት፤ ሳምንት አድርጋው "ጆሮዬ ውስጥ ዝንብ አስገቡብኝ" ብላ መሳቢያ ውስጥ ከተተችው። ከዚያ ወዲህ የሰው አፍ ማየት ለመደች። የምታየው ዓይንህን ሳይሆን ከንፈርህን ነው። አንዳንዱ ደንበኛ ያፍራል፤ አንዳንዱ አፉ ላይ ምግብ የቀረ መስሎት ይጠርጋል።

አንድ ጠዋት የበሰበሱትን ብርቱካኖች እየለየች ድንገት፣

"ራስሚታ፣ ኩታ ላው ልሄድ ነው" አለችኝ።

"ምን ልታደርጊ? ሰው የለበት፣ ቤት የለበት።"

"ፏፏቴውን ልሰማ ነዋ። ይሄኛውም ሳይዘጋብኝ።" ግራ ጆሮዋን በጣቷ መታ መታ አደረገችው።

ሪፕካ ይህን ስትሰማ መድኃኒት ቤት ከሚገኘው ሥራዋ ጋውኗን እንኳ ሳታወልቅ ገበያ ድረስ መጣች።

"ናንዴ፣ ስድሳ ሦስት ዓመትሽ እኮ ነው! ቤተ ክርስቲያን ደረጃ ላይ እንኳ ጉልበቴ፣ ጉልበቴ ትያለሽ።"

"የቤተ ክርስቲያኑ ደረጃ ሌላ ነው። እዚያ ላይ ደጋግሜ ነው የምቆመው፣ ሰው ሰላም ለማለት።"

"ብትወድቂስ?"

"ብወድቅ አገሬ ላይ ወደቅኩ።"

ሪፕካ ብዙ ለመነች፣ ተቆጣች፣ በመጨረሻ ወደ እኔ ዞራ "አንቺ አብረሻት ካልሄድሽ አይሆንም" አለች። እኔም ሱቄን ለእህቴ ልጅ ትቼ ተነሣሁ። ሪፕካ ወደ ተካንግ ደወለች።

ተካንግ ከኩታ ላው ሰዎች ከጫካው አልርቅም ያለ ብቸኛ ሰው ነው። መንገዱ በሚያልቅበት ቦታ ቤት ሠርቶ፣ ከዘንባባ ጭማቂ ስኳር እያፈላ፣ አልፎ አልፎም መንገደኛ ወደ ፏፏቴው እየመራ ይኖራል። ለማለም የአክስቷ ልጅ፣ ኢምፓሏ ነው። እኛ ዘንድ የእናቱን ወንድም ልጅ ያገባ ወንድ የተመረቀ ነው፤ ነውር የለውም፤ እንዲያውም ቤተሰብ ሁሉ ገና ከልጅነታቸው ነው "ያንተ፣ ያንቺ" እያለ የሚያሳድጋቸው። ሳይጋቡ የቀሩ ኢምፓሎች ደግሞ ዕድሜ ልካቸውን መቀላለድ መብታቸው ነው። ማለምም ከሌሎቹ ኢምፓሎቿ ጋር ለቅሶ ቤት ሳይቀር ትቀልዳለች። የተካንግ ስም ሲነሣ ግን የቤሎ ቅጠሏን ማኘክ ታቆማለች። ይህን ልብ ካልኩ ዘመን ሆኖኝ ነበር፤ ጠይቄያት ግን አላውቅም።

አውቶቡሱ መንገዱ መጨረሻ ላይ ሲያወርደን ተካንግ ቆንጨራውን ወገቡ ላይ ታጥቆ፣ ለአልቅት ብሎ ካልሲውን ሱሪው ላይ እስከ ጉልበቱ ስቦ ቆሟል።

"ኧረ ኢምፓል! እስካሁን አልሞትሽም?" አለ።

አፉን አየች። "አንተ ሳትቀድም? ሥርዓት አለ እኮ፣ ሽማግሌ ይቀድማል።"

"በሁለት ዓመት ነው የምበልጥሽ!"

"ጥርስህ ግን በሃያ ይበልጠኛል።"

ሳቀ፤ ሲስቅ እውነትም ከፊት ጥርሶቹ የቀሩት ሁለት ናቸው። ቅርጫቷን ከእጇ ተቀብሎ ፊት ፊት ሄደ።

ጫካው ውስጥ ስንገባ ፀሐይዋ ጠፋች። በዚያ ጫካ ሰማይ አይታይም፤ ከላይ ቅጠል፣ ከቅጠሉ በላይ ሌላ ቅጠል ነው። ዝናብ ከቆመ ሰዓታት ቢያልፉትም ዛፎቹ ገና ያንጠባጥባሉ። መሬቱ እንደ ራሰ ፍራሽ ከእግር ሥር ይሰምጣል። ተካንግ ሐረጉን በቆንጨራው እየቆረጠ ይከፍትልናል፤ ማለም ሁለተኛ፣ እኔ ሦስተኛ። በየጥቂቱ እየቆምን አልቅት እንለቅማለን። እሷ ትንባሆና ኖራ በምራቋ ለውሳ አንድ ጊዜ ነካ ስታደርገው ይረግፋል። እኔ እጮኻለሁ።

"ከተሜ!" ትለኛለች። "ትንሽ ደም ብትሰጪው ምን ይጎድልብሻል? አንቺ ደንበኛውን ስንት ትመጥጪያለሽ!"

ተካንግ ፊቱን ሳያዞር ያወራ ነበር። ይኼ የእገሌ የዱሪያን ዛፍ ነበር፣ እዚህ ጋ አባትሽ ወጥመድ ያጠምድ ነበር፣ ታስታውሻለሽ ወይ፣ እያለ። ማለም አትመልስም። እሱም ቀስ በቀስ ዝም አለ። ትከሻው ሲወርድ ከኋላ ይታየኛል።

ከዚያ ረጃጅም እጅ ያላቸው ጦጣዎች ከሸለቆው ማዶ ማዜም ጀመሩ። ያ ድምፅ ከታች ተነሥቶ እየቀጠነ፣ እየወጣ፣ ጫካውን ሁሉ ሲሞላው ሰው ሳይቆም አያልፈውም። ተካንግም ቆመ፤ እኔም ቆምኩ፤ ቀና አልን። ማለም ግን ዓይኗን ከእግሯ ሥር ሳታነሣ ዝም ብላ ሄዳ ከጀርባው ጋር ተጋጨች።

"ምን ያስቆምሃል አንተ?"

ተካንግ ዞሮ አያት። ከዚያ እሷ ዝቅ ብላ ጫማዋን ስታጠብቅ ወደ እኔ ጠጋ ብሎ በቀስታ "አትሰማም እንዴ?" አለኝ።

"ሪፕካ አልነገረችዎትም አባባ? ቀኙ ጨርሶ ነው። ግራው ትንሽ ቀርቶታል።"

"ስለ ጉልበቷ ብቻ ነው የነገረችኝ።" ቆንጨራውን ከአንዱ እጁ ወደ ሌላው አዛወረ። "እኔ ደግሞ የኮራችብኝ መስሎኝ..."

ከዚያ በኋላ የሚናገረው ነገር ሲኖር እየቆመ፣ ፊቱን ወደ እሷ አዙሮ፣ አፉን በደንብ እየከፈተ ሆነ።

ኩታ ላው ደረስን ሲሉኝ መንደር ፈልጌ ዞር ዞር አልኩ። የቀረው ጥቂት የድንጋይ መሠረትና አንድ ትልቅ የሩዝ መውቀጫ ነበር። መውቀጫው ላይ ዛፍ በቅሎበት ሥሩ ድንጋዩን እንደ እጅ አቅፎ ይዞታል። ተካንግ የውሃውን ሁኔታ ሊያይ ቀድሞን ሄደ። ማለም መውቀጫው ላይ ተቀመጠች፤ ቤሎዋን አውጥታ ሳታኝከው በእጇ ያዘችው።

"እዚህ ነበር ቤታችን" አለች፤ ጥግጥግ ብሎ የበቀለ ቀርከሃ እያሳየችኝ። "አሥራ ሰባት ዓመቴ ነበር። በዚያ ክረምት ተራራው ተንዶ ሦስት ቤት ወሰደ። አሥራ አንድ ሰው። ሽማግሌዎቹ ተቀምጠው 'ከእንግዲህ እዚህ ማደር የለም' አሉ። የወጣን ዕለት እናቴ 'ለመንገድ ውሃ ቅጂ' ብላ ላከችኝ። ቅሌን ይዤ ስደርስ ከፏፏቴው ማዶ ተካንግ ቆሟል። ትከሻው ላይ ሸክም አለ። አየኝና ጮኸ።"

"ምን ብሎ?"

"አላውቅማ!" ድምፅዋ ሲያስተጋባ ወፎች ከቀርከሃው ተነሥተው በረሩ። "ውሃው ሞልቶ ነበር። እኛ የኩታ ላው ሰዎች እንኳ በዚያ ቀን ምንም መስማት አንችልም ነበር። አፉን ብቻ ነው ያየሁት። እንደዛሬው አፍ ማንበብ የት አውቅና! አንዴ ጮኸ፤ እጁን አንሥቶ ደግሞ ጮኸ። ከኋላዬ እናቴ ትጣራለች፤ ሰው ሁሉ ተነሥቷል። እኔም እሺ እሺ በሚል ራሴን ነቀነቅኩለትና ሄድኩ።"

"ከዚያስ?"

"ከዚያማ ለሥራ ወደ ባሕሩ ዳር ወርዷል ሲሉ ሰማሁ። አንድ ዓመት ዝም፣ ሁለተኛው ዓመት ሊያልቅ ዝም። ሽማግሌ አልላከ፣ ወሬ አልላከ። ጎመን የሚያመላልስ ሹፌር ወገኖቹን ይዞ መጣ። አባቴ 'ኢምፓልሽማ ረስቶሻል' አለኝ። አገባሁ።" ቤሎውን በጣቶቿ አሸችው። "ባሌ ጥሩ ሰው ነበር። አልመታኝም፣ አላስራበኝም። ሲሞት ከልቤ ነው ያለቀስኩት፣ አይተሽኛል። ግን ራስሚታ፣ አርባ ስድስት ዓመት ሙሉ ያ አፍ ሲከፈትና ሲዘጋ አየዋለሁ። ሰው ጋር እያወራሁ አየዋለሁ። የሪፕካን ልጆች እያጠብኩ አየዋለሁ።"

"ታዲያ ሰርግ ላይ፣ ለቅሶ ላይ ስትገናኙ ለምን አልጠየቅሽውም?"

"ባል ያላት ሴት እንዴት ትጠይቃለች? ባሌ ከሞተ በኋላ ደግሞ ፈራሁ።"

"ምን ያስፈራል?"

"'ቅልሽ ያፈሳል' ነው ያልኩሽ ቢለኝስ?" ብላ ሳቀች፤ ሳቋ ግን ዓይኗ ድረስ አልወጣም።

ፏፏቴው ከዚያ ሩቅ አልነበረም። እኔ ከሩቁ ስሰማው ቆይቻለሁ፤ ቅጠሉ ሁሉ ይርገበገባል። ከዛፎቹ ወጣ ስንል ነጭ ውሃ ከገደሉ አናት ተወርውሮ፣ መሐል ላይ ወጣ ካለው ጥቁር ዓለት ተላትሞ፣ ሁለት ሆኖ ይወርዳል። ጉሙ ፊታችንን አራሰው። ማለም ጫማዋን አውልቃ ድንጋዩን በባዶ እግሯ እየዳሰሰች እስከ ውሃው ጠርዝ ሄደች። ተካንግ ሊይዛት እጁን ዘረጋ፤ ሳይነካት እንደተዘረጋ ቀረ። ራሷን ወደ ቀኝ አዘንብላ ግራ ጆሮዋን ለፏፏቴው ሰጠችው። ለረጅም ጊዜ እንደዚያ ቆመች። ስትመለስ ፊቷን የሚያርሰው ጉሙ ይሁን እንባ መለየት አልቻልኩም።

ውሃው ከማይረጭበት ዓለት ሥር ገብተን ቺምፓችንን፣ የሩዝ ቂጣውን፣ ከቅጠሉ ፈትተን ስንበላ ነው የጠየቅኳት።

"ሰማሽው ናንዴ?"

"ሰማሁት። ግን እንደ ድሮው አይደለም። ከግድግዳ ማዶ ሆኖ ከሌላ ሰው ጋር እንደሚያወራ ሰው ነው።" ቺምፓዋን ቆርሳ ሳትጎርስ አስቀመጠችው። ከዚያ ወደ ተካንግ ዞረች። "ኢምፓል! ያን ዕለት ምን ነበር ያልከኝ?"

ማኘኩን አቆመ። "የቱን ዕለት?"

"የቱን እንደሆነ ታውቃለህ። ማዶ ቆመህ።"

ተካንግ ግራ ገብቶት አያት። "ሰምተሽ አይደል እንዴ መልስ የሰጠሽኝ?"

"ምን መልስ?"

"ራስሽን ነቀነቅሽልኝ!"

"አልሰማሁህም እኮ! አንዲት ቃል አልሰማሁም!"

ተካንግ ባርኔጣውን አወለቀ። ጭንቅላቱ ላይ የቀረችው ፀጉር ረጥባ ተጣብቃለች። ውሃውን አየ፤ ከዚያ ሙሉ ፊቱን ወደ እሷ አዞረ። እያንዳንዱን ቃል ለያይቶ፣ ሕፃን እንደሚያጎርስ ሰው ቀስ እያለ ነገራት።

"'ወደ ባሕሩ ዳር ለሥራ እወርዳለሁ። ሁለት መከር ጠብቂኝ። ትጠብቂኛለሽ?' ነው ያልኩሽ። ነቀነቅሽ። እውነት አልመሰለኝምና ደግሜ ጠየቅኩሽ። ደግመሽ ነቀነቅሽ።"

ማለም ዓይኗን ከከንፈሩ ላይ አላነሣችም።

"ጎማ እርሻ ውስጥ ሁለት ዓመት ሠራሁ። ለጋብቻችን የሚሆን ያማረ ጨርቅ ገዛሁ። ቀኔን ቆጥሬ ስመለስ በመንገድ ጎመን የጫነ መኪና አለፈኝ። አንቺ ከሹፌሩ ጎን ተቀምጠሻል። መስኮቱ ተከፍቶ ፀጉርሽን ነፋስ ይበትነዋል፤ ትስቂያለሽ። ካገባሽ አራት ወር ሆኖሽ ነበር። 'ቃሏን በላች' አልኩ። ቃሉን የበላን ሰው ምን ይሉታል? ዝም ይሉታል። ዝም አልኩ።"

"ጨርቁስ?"

"ለሚስቴ ሰጠኋት። ለብሳው ኖረች፤ በእሱ ተገንዛ ተቀበረች። ጥሩ ሴት ነበረች።"

ማለም መጀመሪያ የሳቀች መሰለኝ። ከዚያ ከጎኗ ያስቀመጠችውን ጫማ አንሥታ ትከሻውን መታችው፤ ደግማ መታችው።

"አንተ ደደብ! ኩታ ላው ተወልደህ፣ ከሞላ ውሃ ማዶ ሰው እንደማይሰማ አታውቅም? ለምን ተሻግረህ አልመጣህም?"

"ውሃው ይወስደኝ ነበር።"

"ይውሰድህ ነበር! ደብዳቤስ?"

"ማን ጽፎ ማን ሊያነበው? አንቺም እኔም ፊደል አልቆጠርን።"

"ሰውስ አትልክም ነበር?"

"ነቀነቅሽ እኮ ማለም!" ኢምፓል ማለቱን ትቶ በስሟ ሲጠራት ያን ጊዜ ሰማሁ። "ቃል የሰጠችኝን ሴት ምን ብዬ ሰው ልላክባት?"

"እኔ ለውሻም ራሴን እነቀንቃለሁ!" ብላ ጮኸችና ጫማው ከእጇ ወደቀ። አለቀሰች። ሃያ አንድ ዓመት አብሬያት ኖሬ፣ ባሏ ሲቀበር እንኳ እንዲያ ስታለቅስ አላየሁም። የምይዘው ነገር አጥቼ የቺምፓውን ቅጠል አጣጥፌ፣ ፈትቼ፣ መልሼ አጣጠፍኩ። ተካንግ አጠገቧ ተቀምጦ ባርኔጣውን በጣቶቹ ያሽከረክራል።

ስትረጋጋ "ሰምተሽኝ ቢሆንስ ኖሮ?" አላት።

"እንዲህ ብለህ አትጠይቀኝ። ሰምቼህ ቢሆን ሪፕካ የለችም። ልጆቿ የሉም።" አፍንጫዋን በቀሚሷ ጫፍ ጠረገች። ከዚያ፣ በሕይወቷ አድርጋው በማታውቀው ለስላሳ ድምፅ፣ "እጠብቅህ ነበር" አለችው።

ስንወርድ ዝናብ ያዘን። ወንዙ ላይ የተጋደመውን ግንድ ስንሻገር ተካንግ እጇን ያዘ። ከተሻገሩም በኋላ አልለቀቃትም፤ እሷም አልነጠቀችውም። ከኋላ ሆኜ አልቅት የምፈልግ መሰልኩ።

መንገዱ ጋ ስንደርስ አውቶቡሱ ገና አልመጣም። ተካንግ ከቤቱ በደረቀ ቅጠል የተጠቀለለ የዘንባባ ስኳር አምጥቶ ቅርጫቷ ውስጥ ከተተ። ቆመና፣

"ቤቱ ለአንድ ሰው ሰፊ ነው። ልጄም ከባሕር ማዶ ባታም ነው ያለው፣ አይመጣም" አላት።

"አልሰማሁህም።"

ጠጋ ብሎ ጮክ ብሎ ደገመላት። መንገዱ ዳር ባለው ቡና ቤት በረንዳ ላይ የተቀመጡት ሁሉ ዞረው አዩ።

"ሰምቼሃለሁ ሞኝ። ሁለተኛ ጊዜ ሲባል እንዴት እንደሆነ ለማየት ብዬ ነው።" ፈገግ አለች፤ ፈገግታው ግን አልቆየም። "ኢምፓል፣ አሁን ብመጣ የምመጣው ማዶ ቆሞ ለጮኸው ልጅ ነው። ያ ልጅ የለም። ቅል ይዛ የቆመችውም የለችም። ሁለት ሽማግሌዎች በሌላ ሰው ቤት እንደ እንግዳ እንሆናለን። የባሌ መቃብር ደግሞ ታች ነው።"

ተካንግ ራሱን ነቀነቀ። "በደንብ ሰማሁሽ" አለ።

አውቶቡሱ ውስጥ በመስኮት በኩል ተቀምጣ የስኳሩን ጥቅል ጉልበቷ ላይ ይዛለች። ብራስታጊ ልንገባ ስንል ብቻ "ሁለት መከር" አለች፤ ለእኔም አይደለም፣ ለማንም አይደለም። "ሁለት መከር ምን አላት!"

በተከታዩ ክረምት ግራ ጆሮዋም ተዘጋ። አላማረረችም። ድምፅዋ ግን ከበፊቱ ይብስ ከፍ አለ፤ ራሷን ስለማትሰማው መጠኑን የሚነግራት የለም።

አሁን ተካንግ በየማክሰኞው የዘንባባ ስኳሩን ይዞ ወደ ገበያ ይወርዳል። ሸጦ ሲጨርስ ባዶ የብርቱካን ሣጥን ገልብጦ ከፊቷ ይቀመጣል። አፉን እያየች ብትረዳውም እሱ በልማዱ ይጮኻል፣ እሷም ትጮኻለች። ሁለቱ የሚያወሩትን ገበያው ሁሉ ይሰማል፤ ምሥጢር የላቸውም። ማን ዓሣ ወጥመድ ላይ እግሩን እንደሰበረ፣ ልጁ ከባታም እንዳልደወለለት፣ እሷ በሌለችበት ፏፏቴው በስንተኛው ወር እንደሞላ። ቃሪያ ሻጮቹ "ሽማግሌ ይላክ እንዴ ናንዴ?" እያሉ ያሾፉባታል። "ለአንቺ ይላክልሽ፣ እኔ ጊዜዬን ጨርሻለሁ" ትላቸዋለች።

የመጨረሻው አውቶቡስ አሥር ሰዓት ላይ ይነሣል። ተካንግ ሣጥኑን ወደ ቦታው መልሶ፣ ባርኔጣውን ነክቶ ይሄዳል። እሷ ተነሥታ ከመደቡ ፊት ትቆማለች። አውቶቡሱ ዳገቱን ወጥቶ ከመታጠፊያው እስኪሰወር ታየዋለች፤ ከተሰወረም በኋላ መንገዱን ማየት አትተውም። በዚያ ሰዓት ደንበኛ ቢመጣ አልጠራትም፤ እኔው ተነሥቼ እመዝንለታለሁ።